የማኽታሮት እስረኞች ሙዚየም በኢየሩሳሌም፦ ከልጆችና ከሽማግሌዎች ጋር ለመጎብኘት

ከኢትዮጵያ መንገድ ወጥቶ ሃነቪኢምን የተሻገረና ወደ ያፎ መንገድ የሚወርድ ሰው ሚግራሽ ሃሩሲም ይደርሳል። ለብዙ ወላጆች ይህ ስም የፖሊስ ጣቢያና የእስረኛ ማቆያ ስም ነው። ልጃቸው እዚያ እንዳይገባ የሚጸልዩ እናቶች አሉ። ነገር ግን በዚያው ግቢ ውስጥ ልጆቻችንን ይዘን ልንገባበት የሚገባ ሌላ ቤት አለ። እሱም «ሙዜዖን አሲሬ ሃማኽታሮት» ማለትም የድብቅ ድርጅቶች እስረኞች ሙዚየም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቤቱ ታሪክ

ሕንፃው በ1860ዎቹ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ለሚመጡ ሩሲያውያን ሴቶች ማረፊያ ተብሎ ተሠራ። ከበሩ በላይ ያለው የሩሲያኛ ጽሑፍ ይህንኑ ይመሰክራል። እንግሊዞች በ1917 ከተማዋን ከቱርኮች ከያዙ በኋላ ቤቱን ማዕከላዊ እስር ቤት አደረጉት። አይሁዶችም አረቦችም፣ የፖለቲካ እስረኞችም ተራ ወንጀለኞችም ታስረውበታል። በግንቦት 1948 እንግሊዞች ሲወጡ ግቢው በሃጋና እጅ ገባ። ቤቱ ከታደሰ በኋላ በ1991 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ዛሬ በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር ይተዳደራል።

በውስጡ ምን ይታያል?

እስረኞች መሬት ላይ የተኙባቸው ክፍሎች፣ ጺኖክ የሚባለው የብቻ ማሰሪያ፣ ምኩራቡ፣ የሞት ፍርደኞች ክፍልና መስቀያው ይታያሉ። በመስቀያው አረቦች ተሰቅለዋል፤ አይሁዳዊ ግን አልተሰቀለበትም። የሚሰቀሉት አይሁዶች ወደ አኮ እስር ቤት ይወሰዱ ነበር።

እዚህ እንዲሰቀሉ የተፈረደባቸው ሁለት ወጣቶች ነበሩ። የኤጼል አባል የሆነው ሜኢር ፋይንሽታይን የኢየሩሳሌም ተወላጅ ነው። የተያዘው በከተማዋ ባቡር ጣቢያ በተጣለ ቦምብ ምክንያት ሲሆን በፍንዳታው አንድ እንግሊዛዊ ሞቷል። የሌሒ አባል የሆነው ሞሼ ባራዛኒ ባግዳድ ተወልዶ በልጅነቱ ወደዚህ የመጣ ነው፤ የተያዘው የእጅ ቦምብ ይዞ ነው። ጓደኞቻቸው በብርቱካን ውስጥ የእጅ ቦምብ ደብቀው አስገቡላቸው። የመስቀያው ሰዓት ሳይደርስ፣ በአፕሪል 21 ቀን 1947 ሌሊት፣ ተቃቅፈው ቦምቡን በመካከላቸው አፈነዱት። አንዱ የ19፣ ሌላው የ20 ዓመት ወጣት ነበሩ። ፋይንሽታይን ከመሞቱ በፊት መጽሐፍ ቅዱሱን ለእንግሊዛዊ ዘበኛው ሰጥቶት ነበር። የዘበኛው ልጅም በ2007 መጽሐፉን መለሰ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ምናሔም ቤጊን በ1992 ሲሞቱ በኑዛዜያቸው መሠረት በደብረ ዘይት ተራራ በእነዚህ ወጣቶች አጠገብ ተቀበሩ።

ልጆች ደስ ብሏቸው የሚሰሙት ደግሞ የማምለጫውን ታሪክ ነው። በፌብሩዋሪ 1948 ዓ.ም. 12 እስረኞች ወለሉን ቆፍረው በፍሳሽ ቦይ አመለጡ። ስለ ራቭ አርዬ ሌቪንም ንገሯቸው። እኚህ ደግ ሰው ሰንበት በመጣ ቁጥር በእግራቸው እየመጡ እስረኞችን ይጠይቁ፣ መልእክታቸውንም ለቤተሰብ ያደርሱ ነበር። ደመወዝ አልተቀበሉም።

ይህ ታሪክ እኛን በምን ይነካል?

ከጥቅምት 1944 ጀምሮ እንግሊዞች የኤጼልና የሌሒ እስረኞችን ወደ አፍሪካ አጋዙ። መጀመሪያ የተጫኑት 251 ነበሩ። አስመራ አጠገብ ሰምበል ታሰሩ፤ ቀጥሎ ወደ ሱዳን፣ ተመልሰው ወደ ኤርትራ፣ በ1947 ደግሞ ወደ ኬንያ ተወሰዱ። ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1948 መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ ነው። ከሰምበል ካመለጡት አንዱ ይጽሐቅ ሻሚር ናቸው። በጃንዋሪ 1947 በነዳጅ ቦቴ ውስጥ ተደብቀው አዲስ አበባ ገቡ፤ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ወጡ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከዚያችው ከአዲስ አበባ ሲመጡ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሳቸው ነበሩ።

ሱዳንና እስር ቤት ለእኛ ሽማግሌዎች የመጽሐፍ ታሪክ አይደሉም። ወደ ኢየሩሳሌም ለመምጣት በመነሳታቸው በጎንደር የታሰሩና የተገረፉ፣ በሱዳን የተያዙ አሉ። ብዙዎቹ ይህን ለልጅ ልጆቻቸው ተናግረው አያውቁም። በሥራዬ እንዳየሁት፣ አንድ አያት ስለ ሌሎች ጀግኖች ሰምቶ ሲመጣ ልጁ «አንተስ አባባ?» ብሎ የሚጠይቀው አያገኝም። ልጁም ጀግና ሁሉ የሌላ ሰው አያት ይመስለዋል።

ስለዚህ ለቤተሰቦች የምመክረው ይህን ነው፦

• ታስሮ የነበረ ሽማግሌ ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ምን እንደሚታይ ንገሩት። ወደ ጨለማው ክፍልና ወደ መስቀያው ልግባ ወይስ ልቅር የሚለውን እሱ ይወስን። «አልገባም» ካለ አንዱ ከእሱ ጋር ግቢው ውስጥ ይቀመጥ።

• ትንንሽ ልጆችን ወደ መስቀያው ክፍል አታስገቡ። ለጎረምሶች ደግሞ የሞቱትን ሁሉ፣ እንግሊዛዊውንም ጭምር፣ ሳትደብቁ ንገሯቸው።

• ከጉብኝቱ በኋላ ወዲያው ወደ አውቶቡስ አትሩጡ። ቤት ገብታችሁ ቡና ሲፈላ ልጁ አያቱን ይጠይቅ። ዕብራይስጥና አማርኛ ካልተገናኙ ወላጅ ያስተርጉም። ሽማግሌው ከፈቀደ ድምፁን ቅዱ።

• ሌሊት መተኛት ያቃተው ወይም የተጨነቀ ካለ ለቤተሰብ ሐኪም ወይም ለኦቬድ ሶሲያሊ ንገሩ። ነውር አይደለም።

አድራሻው ሚሾል ሃግቩራ 1 ነው። በከተማ ባቡር ለሚመጣ የማዘጋጃ ቤቱ ፌርማታ ይቀርባል። በሰንበት ዝግ ስለሆነ፣ ሰዓቱም ስለሚለዋወጥ፣ አስቀድማችሁ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ፤ አስጎብኚም እንዲመደብላችሁ ንገሯቸው።