እድርና ኤድስ፤ የቀብር ማኅበር ለሕያዋን ስለ ደረሰበት ታሪክ

እድር ምን እንደ ሆነ ላገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጣ፥ ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ገዝቶ፥ ሞት በመጣ ጊዜ ቀባሪና አስተዛዛኝ የሚሆንበት ማኅበር ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት ያሰብነው፥ ለቀብር የተቋቋመው ይህ ማኅበር ኤድስ በመጣ ጊዜ ወደ ሕያዋን ፊቱን እንዴት እንዳዞረ ነው። ከዚሁም ጋር ሕዝቡ ራሱ በሽታውን ለመከላከል ስላደረገው ትግል ጥቂት እንጨምራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቫይረሱ ባገራችን መኖሩ የተረጋገጠው በ1984 በተወሰደ ደም ላይ በመገኘቱ ሲሆን፥ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። መንግሥትም በ1985 ጉዳዩን የሚከታተል ግብረ ኀይል አቋቋመ፤ በ1987 ደግሞ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ውስጥ የኤድስ መቆጣጠሪያ ክፍል ተከፈተ። በዚያን ዘመን ለሕዝቡ ይሰጥ የነበረው ትምህርት በይበልጥ ማስፈራራት ነበረበት። በሽታው ገዳይ መሆኑና መድኃኒት የሌለው መሆኑ ተደጋግሞ ተነገረ። ነገሩ ለጊዜው ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ፍርሃቱ ሰውን ከበሽታው ብቻ ሳይሆን ከበሽተኛውም አራቀው።

ከዚህም የተነሣ ዝምታ ነገሠ። የታመመ ሰው ቢኖር ቤተ ዘመዱ ሕመሙን የሳንባ ነቀርሳ ነው ይል ነበር። አልማዝ ባለጭራ የሚባለው የቆዳ ቍስል ከጥንት የታወቀ ሲሆን፥ በዚያ ዘመን ግን የወጣበት ሰው በጎረቤት ዘንድ ይጠረጠር ጀመር። ቤት አከራይ ተከራዩን አስወጣ፤ ዘመድም የታመመውን ሰው ዕቃ ለየ። ስለዚህ ሰው መመርመርን ይሸሽ ነበር፤ ያልተመረመረውም ሳያውቅ ለሌላው ያስተላልፍ ነበር።

ዝምታውን ለመስበር የተነሡት ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። በ1997 መቅድም ኢትዮጵያ፥ በ1998 ደግሞ ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበሮች ተመሠረቱ። አባሎቻቸው ፊታቸውን ሳይሸፍኑ በሕዝብ ፊት ቆመው ተናገሩ። የዚህ ሥራ ዋጋ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት፥ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ባገር ውስጥ እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል። የተናገረ ሰው በምላሹ የሚያገኘው ፈውስ አልነበረም፤ ሥራውንና ቤቱን ማጣት ግን ይችል ነበር። መንግሥትም በ1998 የኤድስን ፖሊሲ አወጣ። በየትምህርት ቤቱም ፀረ ኤድስ ክበቦች ተቋቁመው ተማሪው በድራማና በግጥም ያስተምር ነበር።

እድርን ወደዚህ ነገር ያስገባው ግን በመጀመሪያ የሒሳብ ጉዳይ ነው። እድር የሚኖረው ብዙ ሰው ለብዙ ዓመት እየከፈለ፥ ጥቂት ሰው በየጊዜው ሲሞት ነው። በኤድስ ዘመን ግን የሚሞተው ሽማግሌው ሳይሆን ገና ሠርቶ የሚከፍለው ጐልማሳ ሆነ። ስለዚህ ወጪው ሲጨምር መዋጮው ቀነሰ፤ ከሟቹም በኋላ የሚከፍል አሳዳጊ የሌላቸው ልጆች ቀሩ። ድንኳኑ ሳይታጠፍ ሌላ ልቅሶ ይመጣ ነበር። በዚህ ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ያሉ አንዳንድ እድሮች፥ ሰው ከሞተ በኋላ ብር ከማውጣት ሳይሞት መርዳት አይሻልምን ብለው መከሩ። መተዳደሪያ ደንባቸውንም አሻሽለው ከመዋጮው ከፊሉን ለሕሙማንና ለወላጅ አልባ ልጆች አደረጉ። በጎ ፈቃደኞች፥ ይልቁንም ሴቶች፥ በየቤቱ እየዞሩ አልጋ የያዘውን ያጥቡና ይመግቡ ነበር። ጎረቤት በቤቱ ገብቶ ሲያጥበው የታየ ሕመምተኛ ግን ከእንግዲህ ወዲህ የሚሸሽ ሰው አልሆነም።

በደቡብም በኩል ሌላ መንገድ ተገኘ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በ1997 ያቋቋሙት ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለው የሴቶች ድርጅት፥ ከ2002 ጀምሮ በከምባታና በአላባ የማኅበረሰብ ውይይት አካሄደ። በዚህ ውይይት አስተማሪ ቆሞ አይሰብክም፤ ሽማግሌው፥ ሴቱና ወጣቱ ባንድነት ተቀምጠው ስለ ግርዛት፥ ስለ ጠለፋና ስለ ኤድስ ይመክራሉ። ከጋብቻ በፊት ደም መመርመርን የመሰለው ውሳኔ ከሕዝቡ አፍ ስለ ወጣ፥ ጠባቂውም ሕዝቡ ሆነ። የቀን ቅኝት የተባለውም የራዲዮ ድራማ ከ2002 እስከ 2004 ይህንኑ ጉዳይ በየቤቱ አነጋገረ።

መድኃኒቱ በ2003 በክፍያ፥ በ2005 ደግሞ በነጻ መሰጠት ጀመረ። ያን ጊዜ አዲስ ጥያቄ ተነሣ፤ ይኸውም በእንጦጦና በሌላም ስፍራ ጠበል የሚጠመቁ ሕሙማን መድኃኒቱን መውሰድ የእምነት ማነስ ይመስላቸው ስለ ነበረ ነው። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ በይፋ ተናገሩ። ይህ ቃል ሐኪም ሊናገረው የማይችለው ነበር።

በ2005 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከአዋቂዎች 1.4 በመቶ ቫይረሱ ሲገኝባቸው፥ በከተማ 5.5፥ በገጠር 0.7 በመቶ ነበር። በ2016 በጠቅላላው 0.9 በመቶ ሆነ። መድኃኒቱ ብዙ ሰው በሕይወት ስላቆየ፥ ቍጥሩ ከነዚሁ ጋር ዝቅ ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። ከእድሩ፥ ከውይይቱና ከመድኃኒቱ የየትኛው ድርሻ እንደሚበልጥ መለየት ግን አይቻልም፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም ነበርና።

ሆኖም የመድኃኒቱና የምርመራው ወጪ በአብዛኛው በውጭ ርዳታ ላይ የቆመ ነው። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባገደ ጊዜ ይህ መሠረት ምን ያህል ሊናወጥ እንደሚችል ታየ። እድር ግን የቆመው በአባሎቹ ሳንቲም ነው። መድኃኒት ሊገዛ አይችልም፤ ሰው ግን መድኃኒቱን ሳያቋርጥና ሳያፍር እንዲኖር ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ይህን ልማድ ማደስ ጊዜ የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም።

ለኛ ለተማሪዎች ደግሞ የተለየ ሥራ አለብን። የዚያ ዘመን ታሪክ ዋናው ምስክር በየእድሩ ጸሐፊ ሣጥን ውስጥ ያለው መዝገብ ነው። መዝገቡ ሰው በምን እንደ ሞተ ባይነግረንም፥ ማን መቼ እንደ ሞተና ማኅበሩ ምን እንደ ወሰነ ይነግረናል። ጸሐፊዎቹ እያረጁ፥ ሰፈሮቹም እየፈረሱ ነውና፥ መዝገቦቹ ሳይጠፉ መቅዳት ይገባናል።