ዜና ቀለማት በዘመነ ቪጂኤ

በ1979 ዓመተ ምሕረት በመጋቢት ወር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1987፣ አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከአዲሶቹ የፒኤስ/2 ኮምፒውተሮቹ ጋር ቪጂኤ የሚባለውን የሥዕል ሥርዓት አወጣ። በዚህም ሥርዓት 320 በ200 የሆነው ገጽ 64,000 ነጥቦች ነበሩት። እያንዳንዱም ነጥብ ፓሌት ወደሚባለው ሰንጠረዥ የሚመራ ቁጥር ይይዛል እንጂ ቀለሙን ራሱን አይይዝም ነበር። በሰንጠረዡም 256 ቀለማት ተጻፉ፤ የቀያቸው፣ የአረንጓዴያቸውና የሰማያዊያቸው ልክ ከ0 እስከ 63 ነበር።

በዚያም ዘመን የነበሩ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥዕሉን ወደ ግራጫ ሊያፈዝዙ በወደዱ ጊዜ ከነጥቦቹ አንዱንም አልነኩም፤ የሰንጠረዡን 768 ቁጥሮች ብቻ ለወጡ። ሥዕሉ ከቦታው ሳይነቃነቅ መልኩ ሁሉ ይለወጥ ነበርና ይህ ጥበብ እጅግ ያማረ ነው።

ግራጫውን ለማግኘት ሦስቱን ልክ ደምሮ ለሦስት ማካፈል ለቸኮለ ሰው ይቀልለዋል፤ ፍርዱ ግን ቅን አይደለም። ሙሉው ቀይ፣ ሙሉው አረንጓዴና ሙሉው ሰማያዊ እኩል 21 ይሆናሉ፤ ዓይን ግን አረንጓዴውን አብርቶ፣ ሰማያዊውን አጨልሞ ያያል። ስለዚህም ሊቃውንቱ በ1946 ዓመተ ምሕረት ለአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን የጸናውን መስፈሪያ ያዙ፤ ከመቶው ለቀይ 30፣ ለአረንጓዴ 59፣ ለሰማያዊ 11። ክፍልፋይ ማስላት ለዚያ ዘመን ኮምፒውተር ከባድ ነበርና በ77፣ በ150 እና በ29 አባዝተው ድምሩን ለ256 አካፈሉ። ያን ጊዜ ቀዩ 18፣ አረንጓዴው 36፣ ሰማያዊው 7 ሆነ፤ እያንዳንዱም እንደ ማዕርጉ ቆመ።

የሰንጠረዡ ቁጥሮችም ፖርት በሚባሉት በሮች፣ በበር 968 እና 969፣ ይገቡ ነበር። ገጹን የሚሥለው ጨረር ከገጹ ግርጌ ወደ ራስጌ በሚመለስባት ቅጽበት ካልገቡ ገጹ በነጫጭ ነጥብ ይታወክ ነበርና በር 986ን እያዩ ይጠብቋት ነበር። የቀድሞውንም ፓሌት አስቀድመው ቀድተው አኖሩት፤ 256ቱ ቀለማት በ64 ግራጫዎች ውስጥ ከተቀላቀሉ በኋላ የትኛው ከየትኛው እንደ መጣ ማንም ሊለይ አይችልምና።

ታኅሣሥ 1 ቀን 1986 ዓመተ ምሕረት በዚሁ ሥርዓት የሚሣል ዱም የተባለው ጨዋታ ወጣ። ተጫዋቹ የማይቆስልበትን ኃይል ባገኘ ጊዜ ዓለሙ ብርሃኑና ጨለማው ተገልብጦ ግራጫ ሆነ። ይህንም ያደረገው ፓሌቱ ሳይሆን፣ የአንዱን ቀለም ቁጥር ወደ ሌላው የሚመራ ኮለርማፕ የሚባል ሁለተኛ ሰንጠረዥ ነበር፤ ስለዚህ ከግርጌ ያለው የተጫዋቹ ፊትና የጥይቱ ቁጥር በቀለማቸው ጸኑ። ተጫዋቹ በቆሰለ ጊዜ ግን የተለወጠው ፓሌቱ ራሱ ነበርና ፊቱም ቁጥሩም ከዓለሙ ጋር አብረው ቀሉ።