ስለ አንድ ኮምፒዩተርና ስለ ብዙ ተረኞች

በጎጃም ደጋ፥ በጉንደ ወይንና በአካባቢው፥ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደ እርሱ ባለ አንድ በሬ የሆነ ጎረቤቱን ይፈልጋል። ሁለቱም በሬዎቻቸውን አጣምረው ዛሬ የአንዱን፥ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ይህም መቀናጆ ይባላል። መቀናጆ የሚጸናው በበሬው ጉልበት ብቻ ሳይሆን በተራው አጠባበቅ ነው፤ ተራ ከፈረሰ የዘር ወቅት ያልፋልና። የዩኒቨርሲቲዎችን የጋራ የኮምፒዩተር ማዕከል ታሪክ ስንመረምርም የምናገኘው ይህንኑ የተራ ጉዳይ ነው።

በ1949 ዓ.ም. ግድም በአሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አይ ቢ ኤም 704 የተባለውን ኮምፒዩተር በማዕከሉ ተከለ። ዋጋው እጅግ ከባድ ስለ ነበረ፥ መሣሪያውን ያቀረበው ኩባንያ፥ ተቋሙና በኒው ኢንግላንድ የሚገኙ ሌሎች ኮሌጆች ጊዜውን ሦስት ላይ ከፍለው ተካፈሉት። ይሁን እንጂ ወረፋው አድካሚ ነበር። ተማሪው ጥያቄውን በተበሱ ካርዶች ላይ አስፍሮ ለሠራተኛው ያስረክባል፤ መልሱንም ለማግኘት ብዙ ሰዓት ይጠብቃል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከጐደለች ደግሞ እንደ ገና ከወረፋው መጨረሻ ይቆማል።

በ1954 ዓ.ም. ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በዚያው ተቋም ሌላ ዘዴ አሳዩ። ይኸውም ኮምፒዩተሩ ለአንዱ ተጠቃሚ ለጥቂት ቅጽበት ሠርቶ ወደ ሁለተኛው፥ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ይሻገራል፤ ፈጥኖ ስለሚመለስም መሣሪያው ለእያንዳንዱ የግሉ ይመስለዋል።

ይህን አሳብ ለማንኛውም ተማሪ ያደረሱት ግን የዳርትመዝ ኮሌጅ የሒሳብ መምህራን ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትስ ናቸው። ሚያዝያ 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ከአንዱ ኮምፒዩተር ጋር በተያያዙ ሁለት የጽሕፈት መሣሪያዎች ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ቀረቡ፤ ለሁለቱም ትክክለኛው መልስ መጣ። መምህራኑ ለጀማሪ የሚቀል ቤዚክ የተባለ ቋንቋም አዘጋጁ። ማዕከሉም እንደ ቤተ መጻሕፍት ለተማሪው ሁሉ፥ ሳይንስ ለማያጠናውም ጭምር፥ ያለ ክፍያ ተከፈተ። በ1960 ዓ.ም. ግድም ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከትምህርት ቤታቸው ሳይወጡ በስልክ መስመር ይጠቀሙበት ጀመር።

ዳርትመዝ የሚገኘው በታላቅ ከተማ ሳይሆን በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። ስለዚህ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላው የአገራችን ዩኒቨርሲቲ መሣሪያ በሚገዛበት ጊዜ፥ ስንት ገዛን ብሎ ከመቍጠሩ ጋር፥ በጉንደ ወይን ለሚማረው ልጅ ተራው መቼ ይደርሰዋል ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን።