ጓሳ፦ አዋጅ ያልተባለው የማገዶ ሕግ



ስለ ታዳሽ ኃይልና ስለ ኃይል ቁጠባ ሕግ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምንጠቅሰው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006ን ነው። አዋጁ በዋናነት የሚያተኩረው በኤሌክትሪክ ሥራና በኢነርጂ ቁጠባ ላይ ነው። በገጠር ያለው ምድጃ ግን ዛሬም በአብዛኛው የሚነደው በእንጨትና በኩበት ነው። ለዚህ ማገዶ መንዞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥርዓት አበጅተውለት ነበርና የዛሬውን ንግግሬን ከዚያ ልጀምር።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ውርጫማ ምድር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ይውላል። በአገሬው ትውፊት መሠረት ቦታውን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ሲሆኑ፣ የአጠባበቁም ሥርዓት ቄሮ ይባላል። ተጠቃሚዎቹ የሚመርጡት አባ ቄራ ምድሩን እስከ 3 ወይም 5 ዓመት ይዘጋዋል፤ ሣሩ ማገገሙ ሲታይ በበጋው ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ ዳግም ይዘጋል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ታዳሽነት ማለት እንግዲህ የሚቆረጠው እስኪተካ ድረስ መታገሥ ነበር።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነበር ማለት አይቻልም። ባለመብት የሚሆነው በአጽመ ርስት ከሁለቱ አባቶች መወለዱን ያስመሰከረ ብቻ ነበር፤ ሌላው ጎረቤት ከደጅ ቀርቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ይህን የዘር አጥር አፈረሰው። ከአጥሩ ጋር ግን የአባ ቄራው ሥልጣንም ወደቀ፤ ምድሩ የሚያርፍበት ጊዜም ጠባቂ አጣ። ሁሉም እኩል ገባ፤ ሣሩና ቁጥቋጦው ግን ተመናመነ።

ከዓመታት በኋላ ማኅበረሰቡ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መዝጋትና መክፈቱን መለሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን ትውልድ ሳይቆጠር። የክልሉ መንግሥትም ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ ዐውቆታል።

የ1967ቱ አዋጅ ጉድለት አድልዎን መሻሩ አይደለም፤ አሮጌው ሥርዓት ከአድልዎው ሌላ ምን ይሠራ እንደነበር አለመጠየቁ ነው። ዛሬም ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ እቤት ውስጥ ማገዶ ይቆጥባል፤ ማገዶው በሚበቅልበት ምድር ላይ የሚዘጋና የሚከፍት ከሌለ ግን ቁጠባው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ነገ የኃይል ሕግ የምታረቅቁ ተማሪዎች ከመሻራችሁ በፊት ይህን ጥያቄ ጠይቁ።