ጂን፣ ሎሚና ስከርቪ

ጊምሌት የተሰኘውን የጂንና የሎሚ ኮክቴል በቤት ማዘጋጀት አያደክምም። 60 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 20 ሚሊ ሊትር ወዲያው የተጨመቀ የሎሚ ጭማቂና ጥቂት የስኳር ሽሮፕ ከበረዶ ጋር ተመትቶ ይጠለላል። ቀድሞ ግን አዘገጃጀቱ ሌላ ነበር። በ1930 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለንደን ውስጥ የታተመው የሳቮይ ሆቴል የኮክቴል መጽሐፍ ጂንንና በጠርሙስ የታሸገውን ጣፋጭ የሮዝ ላይም ጭማቂ እኩል ለእኩል ቀላቅሉ ይላል። ይህ ጠርሙስ ከመጠጥ ቤት ይልቅ የሕክምና ታሪክ ንብረት ነው።

ሐኪሙ ጄምስ ሊንድ በ1747 ሳሊስበሪ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ 12 የስከርቪ ሕሙማንን ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ቡድን ከፈለ። በየቀኑ ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ከሁሉም ፈጥነው አገገሙ። ሆኖም የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጭማቂውን በመደበኛነት ለማደል የወሰነው በ1795 ነበር፤ 48 ዓመት ዘግይቶ! ሊንድ ራሱም ጭማቂው እንዳይበላሽ በሙቀት እንዲወፍር መክሮ ነበር፤ ይህ ዘዴ ቫይታሚን ሲን እንደሚያጠፋ ያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም።

ያ ሎሚ ከሜዲትራኒያን አካባቢ የሚመጣው ትልቁ ቢጫ ፍሬ፣ ሌመን ነበር። በ1860ዎቹ ግን በካሪቢያን ቅኝ ግዛቶች የሚመረተው ላይም ተተካበት። በዘመኑ እንግሊዝኛ የሁለቱ ስም ይምታታ ነበር። እኛም በገበያ ሎሚ የምንለው ትንሹ ፍሬ የላይም ወገን ስለሆነ ልንፈርድባቸው አይገባም። ጎምዛዛነቱ ስላልጎደለ ፈውሱም አልጎደለም ተብሎ ታመነ። በ1867 የወጣው ሕግ የንግድ መርከቦችንም ጭማቂ እንዲይዙ አስገደደ፤ በዚያው ዓመት ላክላን ሮዝ ጭማቂን ያለ አልኮል በስኳር ለማቆየት ያገኘውን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። የኮክቴሉ ስም የተገኘው ከባሕር ኃይል ሐኪሙ ቶማስ ጊምሌት ነው ይባላል፤ ማስረጃው ግን የሳሳ ነው።

በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ጉዞውን ስላሳጠሩት ስሕተቱ ተሸፍኖ ቆየ። ከ1875 እስከ 1876 በጆርጅ ኔርስ መሪነት ወደ አርክቲክ የዘመተው ቡድን ግን በስከርቪ ተመታ፤ የሞቱም ነበሩ። አጣሪው ኮሚቴ ጥፋቱን ያየው በበረዶ ላይ የተጓዙት ሰዎች ጭማቂውን ይዘው ባለመሄዳቸው ነበር። ጭማቂው ራሱ ምን ያህል ይፈውስ እንደነበር የለካ የለም። ከዚያ በኋላ ብዙ ሐኪሞች በሎሚ ላይ የነበራቸው እምነት ላልቶ፣ በሽታው ከተበላሸ ሥጋ ይመጣል ወደሚለው መላ ምት አዘነበሉ።

መለኪያው የመጣው በ1918 ነው። በለንደን የሊስተር ኢንስቲትዩት ሃሪየት ቺክና የሥራ ባልደረቦቿ በእንስሳት ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ትኩስ የላይም ጭማቂ ስከርቪን የመከላከል ኃይሉ ከሌመን ሩብ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠው ደግሞ ከናካቴው የማይረባ ነበር።

ስከርቪ ከባሕር ጋር አብሮ አልቀረም። በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን መጠለያዎች በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ታይቷል። ዛሬም ድዳቸው እየደማ ወደ ክሊኒክ ከሚመጡት የስከርቪ ሕሙማን መካከል ምግብ ትተው በአልኮል የሚውሉ ሰዎች ይገኙበታል።