የአንቴና መግቢያ ኢምፒዳንስ ታሪክ፤ ከእርሳስ ስሌት እስከ ኮምፒዩተር

ዛሬ አንድ ተማሪ የሽቦውን ርዝመት፣ ውፍረትና ከፍታ በኮምፒዩተር ጽፎ አንድ ቁልፍ ቢጫን፣ የአንቴናው መግቢያ ኢምፒዳንስ ይህን ያህል ኦም ነው የሚል መልስ በአንድ አፍታ ያገኛል። መልሱ ከየት እንደ መጣና እስከ ምን ድረስ ሊታመን እንደሚገባው ግን ቁልፉ አይነግረውም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንግለጽ። መግቢያ ኢምፒዳንስ ማለት በአንቴናው መጋቢያ ነጥብ ላይ ያለው ቮልቴጅ እዚያው በሚገባው ከረንት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ ይኸውም ኀይሉን ተቀብሎ የሚያስቀረው ሬዚስታንስና፣ ተቀብሎ መልሶ የሚሰጠው ሪአክታንስ ነው። ይህ ቁጥር ከመጋቢው መስመር ጋር ካልተስማማ ኀይሉ በከፊል ወደ ኋላ ይመለሳል። ለምሳሌ የአንቴናው ሬዚስታንስ የመስመሩን እጥፍ ቢሆን፣ ከ9 እጅ 1 እጁ ይመለሳል፤ ከ100 ኪሎ ዋት 11 ኪሎ ዋት ያህል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ኀይል ማሰራጫውን ሊጎዳ ስለሚችል ነገሩ የወረቀት ጨዋታ አይደለም።

የስሌቱ መሠረት የተጣለው በ1897 ሲሆን፣ ፖክሊንግተን በቀጭን ሽቦ ላይ ከረንት እንዴት እንደሚሰራጭ የሚገልጽ እኩልታ አወጣ። እኩልታውን መጻፍ እንጂ መፍታት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ኢንጂኒየሮች የከረንቱን ቅርጽ አስቀድመው በግምት ወሰኑ፤ ካርተር በ1932 ያሳተመው ስሌትም በዚህ መንገድ የሄደ ነው። በዚሁ መንገድ በነፃ ሕዋ ያለ፣ ርዝመቱ የሞገዱ እኩሌታ የሆነ ቀጭን ሽቦ ሬዚስታንሱ 73፣ ሪአክታንሱ 42.5 ኦም ያህል ሆኖ ይገኛል። ሃሌን በ1938 የሽቦውን ውፍረት ጭምር የሚያስገባ መፍትሔ አቀረበ። የጣሊያኑ ኩባንያ አንሳልዶ የሠራው የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ በ1935 ለዓለም መናገር የጀመረው በእነዚህ በሁለቱ ሥራዎች መካከል ነው።

የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በ1963 ሲመረቅ፣ በገጃ አጠገብ የተተከሉት ማሰራጫዎች እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ነበሩ። ሃሪንግተን አዲሱን ዘዴ በመጽሐፍ ያብራራው ግን ከዚያ 5 ዓመት ዘግይቶ በ1968 ነው። ዘዴው ሽቦውን በትንንሽ ቁራጭ ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በሌላው ላይ የሚያደርሰውንም ያሰላል። ሽቦው በ21 ቢከፈል 441 ቁጥር ያለው ሠንጠረዥ ይወጣል፤ ይህም ለእርሳስ አድካሚ፣ ለኮምፒዩተር ቀላል ነው። በአሜሪካ የሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ በርክና ፖጂዮ በ1981 ያወጡት ኔክ 2 የተባለው ሶፍትዌር ይህን ዘዴ ለሁሉ አዳረሰ። ዞመርፌልድ በ1909 ስለ ምድር ተጽዕኖ የጀመረው ጥናትም በውስጡ ገብቷል።

እንግዲህ ሁለቱ ታላላቅ ጣቢያዎቻችን ከሶፍትዌሩ በፊት ተናግረዋል። በዚያ ዘመን ግምታዊ ስሌት የጎደለውን የሚሞላው በቦታው የሚደረግ ልኬት ነበር። ሶፍትዌሩ የስሌቱን ድካም አስቀረ እንጂ የልኬትን አስፈላጊነት አላስቀረም።

ምክንያቱን ለመረዳት ምሳሌውን ከጎጃም ደጋ እንውሰድ። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ በምትገኘው በይጁቤ፣ በ7 ሜጋ ኸርትዝ የሚሠራ የ21 ሜትር ሽቦ በሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ላይ ቢዘረጋ፣ የሞገዱ ርዝመት 43 ሜትር ያህል ስለሆነ 6 ሜትር የሚያህል ከፍታ ዝቅተኛ ነው። በዚህ ከፍታ የሽቦው ኢምፒዳንስ በምድሩ ጠባይ ይለወጣል። ፍጹም አስተላላፊ በሆነ ምድር ላይ ሬዚስታንሱ ከ73 ኦም እጅግ ያነሰ ይሆናል፤ እውነተኛው አፈር ግን ኀይል በመብላት ቁጥሩን ያሳድገዋል። በክረምት የራሰ ዋልካና በበጋ የደረቀ ዋልካ ኤሌክትሪክን እኩል አያስተላልፉም። በአጠገቡ ያለ የቆርቆሮ ጣራም ድርሻ አለው። ተማሪው ስለ አፈሩና ስለ ጣራው ያልጻፈውን ሶፍትዌሩ ከቶ ሊያውቀው አይችልም፤ ይሁን እንጂ መልሱን ያለ ማመንታት ይሰጣል።

ስለዚህ ለባልንጀሮቻችን ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የቁራጮቹን ቁጥር በእጥፍ ጨምሮ መልሱ ጸንቶ መቆሙን ማየት ይገባል፤ የሚዋዥቅ መልስ ገና መልስ አይደለም። ሁለተኛ፣ አንዱን ሽቦ በሐምሌና በመጋቢት ለክቶ ከስሌቱ ጋር ማስተያየት ይገባል። ሁለተኛው ሥራ የሚጠይቀው አንድ የኢምፒዳንስ መለኪያ፣ ጥቂት ሽቦና ትዕግሥት ነው። እኛ የአገራችንን አፈር ለክተን ካልጻፍን፣ ሶፍትዌሩ የሌላ አገር አፈር ቁጥር ይዞ ስለ እኛ ምድር ይናገራል።