ያልተጠየቀው በር፦ የድረ ገጽ ፈቃድ ቁጥጥር ድክመት አጭር ታሪክ

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በመስከረም 2007 ዓ.ም. የተመረቀው የፍጥነት መንገድ ባለ ክፍያ ነው። አሽከርካሪው ሲገባ ካርድ ይወስዳል፤ ሲወጣም ካርዱን አሳይቶ በተጓዘው ርቀት ልክ ይከፍላል። በሞጆ ይውጣ በቢሾፍቱ፣ ሳይጠየቅ የሚያልፍበት መውጫ የለም። አንዱ በረኛ «እዚህ የደረሰ ሰው ሌላ ቦታ ሳይጠየቅ አልቀረም» ብሎ ቢያሳልፍ፣ የሌሎቹ ኬላዎች ጥንቃቄ ከንቱ ይሆናል። የድረ ገጽ ይዘት ማደራጃ ሶፍትዌሮች የደኅንነት ታሪክም አብዛኛው የዚህ ያልተጠየቀ በር ታሪክ ነው።

ለነገሩ መነሻ የሚሆኑን ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው «ማን ነህ?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ይህን ለማድረግ ተፈቅዶልሃልን?» የሚለው ነው። የይለፍ ቃል የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ገና ከጅምሩ ታይቷል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር እንዲገለገሉ የተሠራው ሥርዓት ለየተጠቃሚው የይለፍ ቃል ሰጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ በ1962 አለን ሼር የተባለው ተመራማሪ ከተመደበለት የማሽን ሰዓት በላይ ስለፈለገ፣ የይለፍ ቃሎቹ የተመዘገቡበት ፋይል እንዲታተምለት በተበሳ ካርድ ጠየቀ፤ ታትሞም ወጣለት። የመግቢያው በር ተዘግቷል፤ የማተሚያው በር ግን ጠያቂው የፋይሉ ባለቤት መሆን አለመሆኑን አልጠየቀም።

ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር በ1975 ባወጡት ጽሑፍ ከዘረዘሯቸው ስምንት መርሆች ሁለቱ ለእኛ ጉዳይ ዋነኞቹ ናቸው። ይኸውም እያንዳንዱ ጥያቄ በየጊዜው ይመርመር፣ ለማንም ቢሆን ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አይሰጠው የሚሉት ናቸው።

ድሩፓል በ2001፣ ወርድፕረስ በ2003፣ ጁምላ በ2005 ብቅ ሲሉ፣ ፕሮግራም መጻፍ የማያውቀው ሠራተኛ ሁሉ የመሥሪያ ቤቱን ገጽ ማዘጋጀት ቻለ። ወርድፕረስም በታኅሣሥ 2005 በወጣው ሁለተኛ እትሙ ከአስተዳዳሪ እስከ ተመዝጋቢ አምስት ማዕረጎችን ደነገገ። ድንጋጌው መልካም ነበር፤ ችግሩ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ለምሳሌ በወርድፕረስ ውስጥ ስሙ «አስተዳዳሪ ነውን?» የሚል የሚመስል ትእዛዝ አለ። የሚመልሰው ግን የተጠየቀው ገጽ የአስተዳደር ክፍል መሆን አለመሆኑን እንጂ፣ የጠያቂውን ማንነት አይደለም። በስሙ የተታለሉ የተቀጥላ ፕሮግራም ጸሐፊዎች በዚህ ምክንያት በሩን ለእንግዳ ክፍት ትተዋል።

ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ የሆነው የ2017 አደጋ ነው። በወርድፕረስ 4.7ና 4.7.1 እትሞች፣ አንድ እንግዳ የጽሑፉን መለያ ቁጥር ከኋላው ፊደል ለጥፎ ሲልክ፣ መርማሪው ክፍል በዚያ መለያ ጽሑፍ ስላላገኘ የሚከለክለው ነገር የለም ብሎ ያሳልፈዋል። ቀጥሎ ያለው ጸሐፊ ክፍል ግን ፊደሉን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ በመውሰድ፣ እውነተኛውን ጽሑፍ ይለውጣል። መርማሪውና ፈጻሚው አንዱን ወረቀት ለየብቻ አነበቡት ማለት ነው። እርማቱ በጥር 26 ቢወጣም፣ ባላደሱት ዘንድ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ገጾች መበላሸታቸው በየካቲት ወር ተዘገበ። ጁምላም ከ4.0.0 እስከ 4.2.7 ባሉት እትሞቹ፣ በጥያቄው ላይ አንዲት ቃል ለጨመረ እንግዳ የመረጃ ቋቱን የይለፍ ቃል ሳይቀር ይሰጥ ነበር፤ የታረመው በየካቲት 2023 ነው። ኦዋስፕ የተባለው ድርጅት በ2021 ባወጣው ዝርዝር የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለትን ከአምስተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ማምጣቱ አያስደንቅም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ ማለፍንም ወንጀል አድርጓል። ሕጉ ሁለቱን ጥያቄዎች ለይቷል ማለት ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሲቃረብ፣ ሳይበር ሆረስ የተባለውን ጨምሮ መነሻቸው ግብፅ የሆኑ ቡድኖች በኢትዮጵያ ድረ ገጾች ላይ ጥቃት መሰንዘራቸውን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ማስታወቁም፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አለመሆኑን አሳይቷል።

አዳማ እ.ኤ.አ. በ1993 ከተከፈተው ቴክኒክ ኮሌጅ አንሥቶ እስከ ዛሬው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ድረስ ለሙያችን ሰው ስታፈራ ኖራለች። ስለዚህ ከቢሾፍቱ እስከ ባቱና ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች የሚጎድለን ዕውቀት ሳይሆን ልማድ ነው። በመሥሪያ ቤት ገጽ ላይ የወጣ የጨረታ ማስታወቂያ በነዋሪው ዘንድ ማኅተም እንዳረፈበት ደብዳቤ ይታመናል። የማስረከቢያውን ቀን ማንም መለወጥ ከቻለ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በገጹ ሠሪ ላይ ሳይሆን ቀኑ ባለፈበት ተጫራች ላይ ነው። እንግዲህ ድረ ገጽ ስንረከብ የምናየው መልኩን ብቻ መሆን የለበትም፤ ማን ምን ሊለውጥ እንደሚችል የሚያሳይ ሰንጠረዥ ከሥራው ጋር እንረከብ። በየማዕረጉ እየገባን የማይፈቀደውን እንሞክር። ሥራ የለቀቀ ሰው ሥልጣኑ በለቀቀበት ቀን ይሰረዝ፤ እርማት ሲወጣም ሳይውል ሳያድር ይጫን። የቢሮውን ቁልፍ ሳያስረክብ የማይሰናበት ሠራተኛ፣ የድረ ገጹን ቁልፍ ይዞ የሚሄድበት ምክንያት የለም።